በምን አሸነፈው?

ሐሙስ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የጠዋት ፈረቃዬን አስተምሬ ስወጣ በቀጥታ የሄድሁት በጋይንቷ አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ወደምናዘወትረው ሻይ ቤት ነው። ሰሌዳው ተዘርግቷል። ልብስ ሰፊው ወዳጃችን በነጩ በኩል፣ የእንስሳት ሐኪሙ በጥቁሩ በኩል ተቀምጠዋል። የሚጫወቱት ግን የራሳቸውን ጨዋታ አልነበረም። አዲስ አበባ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሲንጋፖር ላይ የሚደረገውን እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ መልእክት ትልክልናለች፤ እኛም ጠጠሩን እያነሣን እንከተላለን።

የዓለም ቼዝ ሻምፒዮና 14ኛውና የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። የማዕረጉ ባለቤት ቻይናዊው ዲንግ ሊረን 32 ዓመቱ ነበር፤ ሊነጥቀው የመጣው ሕንዳዊው ጉኬሽ ገና 18። በ13 ጨዋታ እኩል 6 ተኩል ነጥብ ይዘዋል። ይኼኛውም አቻ ከወጣ በማግሥቱ ዓርብ በፈጣን ጨዋታ ይለያሉ። ዓርብ የገበያችን ቀን ነው፤ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና የሚልበት ፋታ ስለማያገኝ ዛሬውኑ እንዲያልቅ ይመኝ ነበር።

ጨዋታው ወደ አቻ እየሄደ ነበር። ጉኬሽ ያለው ብልጫ አንዲት ወታደር ብቻ ናት። ሁለቱም አንድ አንድ ሩክ፣ አንድ አንድ ቢሾፕ ቀርቷቸዋል። እንዲህ ባለ ቦታ አዋቂዎች ተጨባብጠው ይነሣሉ። እኔም "አለቀ፣ አቻ ነው" ብያለሁ። ልጁ ግን አልተነሣም፤ አንዴ ንጉሡን፣ አንዴ ሩኩን እያንቀሳቀሰ ዲንግን ያስጨንቀዋል።

55ኛው የነጭ እርምጃ ሲደርሰን ሐኪሙ ስልኩን ሁለት ጊዜ አነበበው። "ተሳስታ ነው የላከችው" አለ። አልተሳሳተችም። ዲንግ ሩኩን ለልውውጥ አቅርቧል። ቢሾፑ ደግሞ በሰሌዳው የመጨረሻ ማዕዘን ላይ ተወሽቋል፤ ከማዕዘን የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ጉኬሽ ሩኮቹን አለዋወጠና የራሱን ቢሾፕ፣ በንጉሡ እያስጠበቀ፣ በዚያው መንገድ መሐል ላይ ገተረው። የዲንግ ቢሾፕ ቢበላ ይበላል፣ ቢቆም ይበላል። ከልውውጡ በኋላ የቀሩት ነገሥታትና ወታደሮች ብቻ ናቸው፤ አንዲት ወታደር ትርፍ ያለው ደግሞ ጥቁር የያዘው ጉኬሽ ነው። በ58ኛው እርምጃ ዲንግ እጅ ሰጠ። ጉኬሽ በታሪክ በዕድሜ ትንሹ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከእርሱ በፊት ክብሩ በ22 ዓመቱ የነገሠው የካስፓሮቭ ነበር።

ሙግታችን የተነሣው ያኔ ነው።

"ይህ የዓለም ሻምፒዮና ነው? ይህን እኔም አልሠራው!" አለ ሐኪሙ። በዓለምም እንዲሁ ያሉ ነበሩ። የቀድሞው ሻምፒዮን ክራምኒክ በጨዋታው ደረጃ ማዘኑን በአደባባይ ተናገረ። ካስፓሮቭ ግን ያለ ስህተት ያለቀ ሻምፒዮና የትኛው ነው ሲል ጠየቀ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የሆነውንም አስታወሰ። እውነቱን ነው። በዚያ ዓመት ሶቺ ላይ ካርልሰን ንጉሡን ያለ ቦታው አስቀመጠ፤ አናንድ ሳያየው አለፈ፤ በመጨረሻም ያሸነፈው ካርልሰን ሆነ። ዛሬ ሁሉ የሚያደንቀው ፊሸርም በ1972 እ.ኤ.አ. ሬይክያቪክ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ አንዲት ወታደር ልብላ ብሎ ቢሾፑን ወጥመድ ውስጥ አስገብቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ካርልሰንና ካሩዋና 12ቱንም መደበኛ ጨዋታ አቻ ሲወጡ ደግሞ ሰው "አሰለቹን" አለ። እኔ ይህን ሳስብ ተጫዋቾቹ ያሳዝኑኛል፤ ቢሳሳቱ ደካማ ይባላሉ፣ ባይሳሳቱ ፈሪ።

የዘመኑን ተመልካች ያበላሸው ኮምፒውተሩ ይመስለኛል። በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር አማራጭ ይመረምራል፤ ተጫዋቹ ስህተት ሲሠራ ማን እንደሚበልጥ የሚያሳየው ቁጥር ወዲያው ይዘላል። ያን ቁጥር እያየ የሚፈርድ ሰው ራሱ ያሰበ ይመስለዋል። ዲንግ ግን ያለው ራሱና ሰዓቱ ብቻ ነበር፤ ያውም ለወራት ከሕመምና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ሲታገል ከርሞ የመጣ ሰው። ልብስ ሰፊው የተናገረው ይህንኑ ነው፦ "ሐኪም፣ አንተ የምታየው መጨረሻ ያደረጋትን ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ያደረጋትንስ?"

እኛ ጋይንቶች እኮ ለእንዲህ ያለ ሙግት እንግዳ አይደለንም። አገራችን የቤተልሔም ድጓ የሚመሰከርበት ነው። በልጅነቴ ቅኔ ሲቀኙ ሰምቻለሁ፤ ሲሰምር ሊቃውንቱ "ይበል!" ይላሉ፣ ቤቱ ሲሰበር ዝም። የሚፈርዱት ግን የተቀኘው ሰው ምን ያህል ርቆ ለመሄድ እንደደፈረ መዝነው ነው።

ለቼዝም ቢሆን የራሳችን መመዘኛ ነበረን። ሰንጠረዥ ማለቴ ነው፤ በየመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት የነበረው፣ ፈርዝና ፊል የሚባሉ ጠጠሮች ያሉት የአባቶቻችን ጨዋታ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ታሪኩንና ሕጉን ሰብስበውልናል። አጀማመሩ ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንዳሻቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ከብቦ የሚያየው ሰውም አፉን አይዘጋም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ሁሉ እርምጃ ይጠቁሙ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የመጨረሻው ነው። ማሸነፍ ብቻውን አያስመሰግንም። በሩክ ወይም በፈረስ የተገደለ ንጉሥ ጥበብ የጎደለው ድል ነው፤ በፈርዝ ወይም በፊል የተሻለ ነው፤ ተባብረው በሚመጡ ወታደሮች የተገኘ ድል ግን ከሁሉ የላቀ ነው።

በማግሥቱ ዓርብ ገበያው መሐል አንድ የማከብራቸው መሪጌታ አገኙኝና "ትናንት ስትጮኹ የዋላችሁት ምንድን ነው?" አሉኝ። ነገርኋቸው።

"በምን አሸነፈው?"

"በወታደር፣ አባ።"

"እንዲያ ከሆነ ልጁ ደክሞበታል" ብለው ወደ እህል ተራው ሄዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት ያንኑ ቦታ ከስህተቱ በፊት እንዳለ ደረደርነው። ነጩን ለሐኪሙ ሰጠነው፣ ሰዓትም ያዝንበት። ጥቁሩን እኔና ልብስ ሰፊው እየተፈራረቅን ያዝን፤ አቻ ሲለምነን እንቢ አልን። የመጀመሪያውን ያዘ። ሁለተኛውንም ያዘ። በሦስተኛው ላይ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ ሩኩን አነሣና እጁ አየር ላይ እንዳለ ቆመ፤ ከዚያ አስቀመጠው፣ ተሳሳተም። ማንም አልሳቀም። ሻዩ ቀዝቅዞበት ነበር፤ ሌላ አዘዘና ጠጠሮቹን እንደገና መደርደር ጀመረ።