ኤተር በደጋ፦ በጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈው አደጋ

በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ ፋርጣ ውስጥ ባቄላ ቀቅላ የምታውቅ እናት አንድ የፊዚክስ ሕግ በእጇ ታውቃለች። ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን አልበስል ይላል። ጥፋቱ የማገዶው አይደለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ከላይ የሚጫነው አየር ስስ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይፈላል። ከፈላ በኋላ ደግሞ እሳቱ ቢጨመርም ሙቀቱ አይጨምርም። ባቄላው የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ይህ ሕግ በማጀት ውስጥ ትዕግሥት ይፈታተናል። በላቦራቶሪ ውስጥ ግን ሰው ሊያቃጥል ይችላል። ምክንያቱም ከፍታ የመፍያ ነጥቡን የሚያወርደው የውሃን ብቻ አይደለም። አንድ በመድኃኒትነት የታወቀ ኬሚካል አለ፤ በባሕር ጠለል ላይ በ34.6 ዲግሪ የሚፈላ፣ ደብረ ታቦር ሲደርስ ግን 26 ዲግሪ ገደማ ላይ መፍላት የሚጀምር። ስሙ ዳይኤቲል ኤተር ነው፤ በተለምዶ ኤተር እንለዋለን።

ከሰመመን መድኃኒትነት እስከ ዓይነ ምድር ምርመራ

ኤተር ቀለም የሌለው፣ ሽታው ጣፋጭ ሆኖ አናት ላይ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ዊሊያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ለአንድ በሽተኛ የኤተር ተን አስተነፈሰው። በሽተኛው ራሱን ሲስት ጆን ዋረን የተባለው ቀዶ ሐኪም አንገቱ ላይ የነበረውን እብጠት ቆርጦ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ኤተር ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ አገሮች የሰመመን መድኃኒት ሆኖ አገለገለ። በኋላ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሲሞሉ፣ እሳት የመያዝ ጠባዩ ስላላስቻለ ቦታውን ለሌሎች ለቀቀ።

ከላቦራቶሪ ግን ፈጽሞ አልወጣም። በጣና ሐይቅ ዙሪያ ብልሃርዝያ፣ በገጠሩም ወስፋትና ሌሎች የአንጀት ትሎች የቆዩ ችግሮች ናቸው። በዓይነ ምድር ውስጥ የትል እንቁላል በጥቂቱ ሲሆን በተራ ምርመራ አይታይም። ስለዚህ ባለሙያው ናሙናውን በፎርማሊን በጥብጦ ያጠላል፣ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ኤተር ይጨምርበታል፣ ከድኖ በኃይል ይንጠዋል፣ ከዚያም በሴንትሪፊዩጅ ያሽከረክረዋል። ኤተሩ ስቡን ይዞ ከላይ ይንሳፈፋል፤ እንቁላሎቹ ከታች ይዘቅጣሉ። ዝቃጩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተሸሸገው ይገለጣል። ይህ የፎርሞል-ኤተር ዘዴ ይባላል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋሞቻችን፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ወይም የፋርማሲ ተማሪ በትምህርቱም በሥራውም ይህን ጠርሙስ ሊያገኘው ይችላል።

ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ

ደብረ ታቦር የምትገኝበት ደቡብ ጎንደር በከፍታ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ የጉና ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የአየሩን ግፊት ይዘን ብናሰላ፣ ኤተር በፎገራ ሜዳ ባለችው በወረታ ከ28 እስከ 29 ዲግሪ፣ በደብረ ታቦር 26 ገደማ፣ በነፋስ መውጫ ደግሞ 24 ገደማ ላይ ይፈላል። ዝቅ ያለው ሜዳ ይሻላል እንዳንል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የወረታ የቀን ሙቀት 28 ዲግሪን የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ደጋው ይሻላል እንዳንል፣ ደብረ ታቦር ላይ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር የተቀመጠ ጠርሙስ 26 ዲግሪ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ኤተር ለማፍላት የሰው መዳፍ ሙቀት እንኳ ይበቃል።

ገና ሳይፈላም ቢሆን ልዩነቱ አለ። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ካለው አየር በባሕር ጠለል 58 በመቶ ያህሉ የኤተር ተን ነው። በደብረ ታቦር ግፊት ይኸው ድርሻ 80 በመቶ ይደርሳል።

ሌላው ነገር የመንገዱ ነው። ጉና ላይ ጠጥተን የከደንነው የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ባሕር ዳር ስንደርስ ተጨምድዶ እናገኘዋለን። ከጅቡቲ ወደብ ወደ ደጋ የሚወጣ የኬሚካል ጠርሙስ የሚገጥመው የዚህ ተቃራኒ ነው። በቆላ ግፊት የታሸገው አየር ደጋ ላይ ወደ ውጭ ይገፋል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ተኑ፣ አንዳንዴም ፈሳሹ፣ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። በእጅ የተናጠ ቱቦም እንዲሁ ነው፤ በመዳፍ ሙቀት ውስጡ ግፊት ስለሚጠራቀም ክዳኑ ወደማንም ፊት ሳይዞር፣ በቀስታ ነው መከፈት ያለበት።

በወለል ላይ የሚሄድ እሳት

የኤተር ተን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ውሃ በወለል ላይ ይፈሳል፣ በበር ሥር አልፎ ወደ ሌላ ክፍል ይገባል። እዚያ ቡና የሚፈላበት ከሰል፣ መብራት ጠፍቶ የተለኮሰ ሻማ ወይም የሚነሳ ጄኔሬተር ካገኘ ይቀጣጠላል፤ እሳቱም የመጣበትን መንገድ ተከትሎ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ነበልባልም ላያስፈልገው ይችላል፤ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ የጋለ ምድጃ ብቻውን ያቀጣጥለዋል።

ከዚህ የተነሳ «ቀዝቃዛ ቦታ ይሻላል» ብሎ ተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ትልቅ ስሕተት ነው። በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያና አምፖሉ ብልጭታ ሊፈጥሩ ይችላሉ፤ የተዘጋው ሣጥንም ተኑን ያጠራቅመዋል። ማቀዝቀዣው ከውስጡ ብልጭታ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ መሆን አለበት። ወደ ማጠቢያ መድፋትም መፍትሔ አይሆንም፤ ኤተር ከውሃ ስለሚቀል በቧንቧው ውስጥ እየተንሳፈፈ ይተናል። ቢቃጠልም ውሃ መድፋት እሳቱን ያሰፋዋል። በዱቄት ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ማጥፊያ ያስፈልጋል።

ዝም ብሎ የሚበስለው ፈንጂ

ሁለተኛው አደጋ ሽታም ድምፅም የለውም። ኤተር ከተከፈተ በኋላ አየርና ብርሃን ሲያገኙት ቀስ በቀስ ፐርኦክሳይድ የሚባል ውህድ ይፈጥራል። ፐርኦክሳይዱ ሲከማች በመነቅነቅ፣ በሙቀት፣ ክዳኑን በማዞር ብቻ እንኳ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ መደርደሪያ ጥግ ላይ ለዓመታት የተረሳ ጠርሙስ ከአዲሱ የበለጠ ያስፈራል። ክዳኑ ዙሪያ ወይም ታች ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ከታየ አይነካም፣ አይከፈትም፣ አይንቀሳቀስም። ክፍሉ ይለቀቃል፣ ኃላፊው ይጠራል።

መከላከያው አንድ እስክሪብቶ ነው። ጠርሙሱ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት። ከተከፈተ ከስድስት ወር በላይ አይቆይ። በጥቁር ቡናማ ጠርሙስ፣ ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ። ግዢም በሥራው ልክ ይሁን፤ ለዓመት ተብሎ የተገዛ ትልቅ ጠርሙስ የገንዘብ ቁጠባ ቢመስልም አደጋ ማጠራቀም ነው።

በሥራ ላይ ሳሉ ደግሞ ኤተር የሚከፈተው ተን በሚስብ ፊውም ሁድ ውስጥ ነው፤ እሱ ከሌለ እሳት በሌለበት፣ አየር በደንብ በሚያልፍበት ቦታ። ጋወንና የዓይን መከላከያ ይደረጋል። ስስ የላቴክስ ጓንት ኤተርን ለረጅም ጊዜ ስለማይገታ፣ ፈሳሽ ከነካው ወዲያው ይቀየራል። ራስ ምታት፣ ማዞርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ሲጀምር ኤተሩ የቀድሞ የሰመመን ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው፤ ሰውየው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። ዓይን ውስጥ የገባ እንደሆነ በንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ይኬድ።

ሌላም መንገድ አለ

በዚሁ ምርመራ ኤተርን በኤቲል አሲቴት መተካት ይቻላል፤ ዘዴው በመማሪያ መጻሕፍት የታወቀ ነው። ኤቲል አሲቴትም እሳት ይይዛል፣ ጥንቃቄ ይሻል። ነገር ግን በባሕር ጠለል 77፣ በደብረ ታቦር ደግሞ 67 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላ በመሆኑ በመዳፍ ሙቀት አይንተከተክም፤ እንደ ኤተር በመደርደሪያ ላይ ቆሞ ወደ ፈንጂ አይለወጥም።

በጠርሙሶቹ ላይ የሚታተመው የመፍያ ነጥብ በባሕር ጠለል ልክ የተወሰደ ነው። ይህን ለደጋ የሚያስተካክለው አምራቹ አይደለም፤ መምህሩ፣ የላቦራቶሪ ኃላፊውና ዕቃ ገዢው ናቸው። በጉና ዙሪያ በምትገኙ ጤና ጣቢያዎች፣ ሆስፒታሎችና የትምህርት ተቋማት የምትሠሩ ሁሉ፣ ነገ ጠዋት መደርደሪያችሁን ፈትሹ። ቀን ያልተጻፈበት የኤተር ጠርሙስ ካያችሁ ለመክፈት አትሞክሩ፤ ለኃላፊው አስታውቁ።