እንቅልፍ ያጣ ሰው ምስክር ያስፈልገዋል

በእጅ የምትያዝ ትንሽ ሣጥን ናት። ፊቷ ላይ ጠባብ መስኮትና ቁልፍ አላት። መስኮቷ ጨልሞ ይቆይና ድንገት ቀይ ቁጥር ይበራበታል፤ ቁጥሩም በሺህኛ ሰከንድ እየቆጠረ ይሮጣል። የተመርማሪው ሥራ ቁጥሩን እንዳየ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ሲጫን ቁጥሩ ቆሞ ምላሹ ምን ያህል እንደዘገየ ያሳያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከ2 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ እንደገና ይበራል። ይህ ለ10 ደቂቃ ይቀጥላል። ትምህርትም ብልጠትም አይጠይቅም፤ ነቅቶ መጠበቅን ብቻ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን የንቃት መለኪያ ያስተዋወቁት ዴቪድ ዲንገስና ጆን ፓውል የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው።

በደንብ ተኝቶ ያደረ ሰው ቁልፉን የሚጫነው በሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከዘገየ ንቃቱ እንደተቋረጠ ተደርጎ ይመዘገብበታል። እንቅልፍ ያጣው ሰው ብዙ ጊዜ በፍጥነት ይጫንና በመሐል ዓይኑ እንደተከፈተ ፍዝዝ ብሎ ይቀራል፤ ቁጥሩ እየሮጠ እጁ አይንቀሳቀስም።

ስለ እንቅልፍ ከሚነገረው ሁሉ ይበልጥ ልናውቀው የሚገባው ነገር የተገኘው በዚህች ሣጥን ነው ብዬ አምናለሁ። ሃንስ ቫን ዶንገን፣ ዲንገስና ባልደረቦቻቸው በፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ 48 ጤነኛ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ2003 አሳተሙ። አንዱ ቡድን በየሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሌላው 6፣ ሦስተኛው 4 ሰዓት ብቻ ለ14 ቀን እንዲተኛ ተደረገ። አራተኛው ቡድን ሦስት ሌሊት ጭራሹን አልተኛም። 6 ሰዓትና 4 ሰዓት የሚተኙት ሰዎች ውጤት በየቀኑ እያሽቆለቆለ ሄደ፤ ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ድክመታቸው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ሙሉ ሳይተኙ ካደሩት ጋር ተስተካከለ። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን የራሳቸው መልስ ነው። ምን ያህል እንቅልፍ እንቅልፍ እንደሚላቸው በየጊዜው ሲጠየቁ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካሙ ጨመረብን አሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሜታቸው እምብዛም አልተለወጠም። የለመዱት መሰላቸው። ሣጥኗ በየቀኑ የምትመዘግበው ውድቀት ለእነሱ አልታወቃቸውም።

ለምን እንደማይታወቀን ለመረዳት የእንቅልፍን አሠራር ጥቂት ማየት ይበቃል። እንቅልፍን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ወደ እንቅልፍ ይገፋናል፣ ስንተኛ ደግሞ ይቀንሳል። ሁለተኛው በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራው ሰዓት ነው። አንጎል ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ በላይ የሚገኙ 20 ሺህ ያህል ሕዋሳት የቀኑን ብርሃን ከዓይን እየተቀበሉ የመንቃትና የመተኛት ጊዜን ይቆጣጠራሉ። የዚህን ሰዓት የዘረመል አሠራር ከፍራፍሬ ዝንብ ላይ የፈቱት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ለሚቆጥር እንደኛ ላለ ሕዝብ ይህ ግኝት እንግዳ አይመስለኝም።

ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት ይቆይና ሲነጋጋ “እንቅልፌ ጠፋ” ይላል። አዴኖሲኑ ግን እንደተከመረ ነው፤ የውስጡ ሰዓት “ነግቷል” ብሎ ስለቀሰቀሰው ነው የበረታ የመሰለው። መኪና አስነስቶ ወደ ቤቱ የሚነዳው በዚህ ስሜት ተማምኖ ነው።

ቡናም እንዲሁ ነው። ካፌይን የተጠራቀመውን አዴኖሲን አያስወግድም፤ አዴኖሲን አንጎል ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ብዙ ሰው ላይ የካፌይን ግማሽ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ጎረቤት ተጠርቶ ከአቦል እስከ በረካ ከተጠጣ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሰውነት ውስጥ አለ። “እኔን እንኳ ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም” የሚል ሰው የማይገኝበት ቤት የለም። በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት 400 ሚሊግራም ካፌይን ለሰዎች ሰጥቶ ነበር፤ መጠኑ ብዙ ነው። መሣሪያው ሲለካ እንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል፤ እነሱ በማስታወሻቸው ላይ ያሰፈሩት ግን ይህን ያህል ለውጥ አልነበረውም።

ፈተና ሲደርስ እግሩን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሮ የሚያጠናውን ተማሪ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጽናቱንም እናደንቃለን። ነገር ግን ያጠናነው በአእምሮ ውስጥ የሚረጋው ስንተኛ ነው። እንቅልፍ 90 ደቂቃ ገደማ በሚፈጁ ዙሮች ይሄዳል። ጥልቁ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ይበዛል፤ ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሮጥበትና ሕልም የሚበዛበት ደግሞ ወደ ንጋት ያይላል። ስለዚህ ከ8 ሰዓት እንቅልፍ ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት የቆረጠ ሰው ከሕልሙ እንቅልፍ የሚያጣው ከሩብ በላይ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት።

ጉዳቱ አንጎል ላይ አይቆምም። በ1999 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11 ጤነኛ ወጣቶችን ለ6 ሌሊት በየቀኑ 4 ሰዓት ብቻ ሲያስተኙ፣ ሰውነታቸው ስኳርን ከደም የማስወገድ አቅሙ በግልጽ ወረደ። በ2002 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ እንዲህ ባለ የእንቅልፍ እጦት ሳምንት ውስጥ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የተወጉ ወጣቶች ከ10 ቀን በኋላ ያፈሩት የበሽታ መከላከያ እንደልማዳቸው ከተኙት ግማሽ እንኳ አልሞላም።

መንገድ ላይ ያለው ጉዳይ ከሁሉ ይከፋል። ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ በ1997 እንዳሳዩት፣ ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይተካከላል፤ በብዙ አገር ይህ መሪ መያዝ የሚያስከለክል መጠን ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ገና የሚነዳ ሾፌር እዚያ ደርሷል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዳ ለ3 ሰከንድ ብቻ ሸለብ ቢያደርገው መኪናው ከ65 ሜትር በላይ ያለ ነጂ ይሄዳል። ጫት ድካሙን ይሸፍንለታል እንጂ ዕዳውን አይከፍልለትም። እርግጥ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ሁልጊዜ ምርጫ አይደለም። የሌሊት ዘበኛው፣ ተረኛ ነርሷ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት ሥራ ደርቦ ታክሲ የሚነዳው፣ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራው እህታችን የሚተኙበትን ሰዓት ሌላ ሰው ይወስንላቸዋል። አሠሪ የሆነ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል።

የተኛ እየመሰለው እንቅልፍ የሚያጣም አለ። አጥብቆ ከሚያንኮራፋው ሰው መካከል አንዳንዱ ጉሮሮው በእንቅልፍ ላይ እየተዘጋ ትንፋሹ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል። ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ አንጎሉ ለአፍታ ባንኖ ያነቃዋል፣ በኃይል አየር ስቦ ይቀጥላል። ሕመሙ ሲከብድ ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋገማል፤ የደም ግፊትንም ያባብሳል። ጠዋት ሲነሳ ግን ምንም አያስታውስም። መድኃኒት የሌለው ችግር አይደለም፤ አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በ1981 ያስተዋወቀው፣ በአፍንጫ ጭንብል አየር እየነፋ ጉሮሮን የሚከፍት መሣሪያ ዛሬም ዋናው ሕክምና ነው።

ስለዚህ ባለቤትዎ “ሌሊት ትንፋሽህ ይቋረጣል” ካሉዎት አይከራከሩ፤ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይያዙ፣ ሲሄዱም ይዘዋቸው ይሂዱ፣ ያዩትን ይናገሩልዎታልና። ሾፌር ከሆኑና ረዳትዎ “ጋሼ፣ ትንሽ ዳር ይዘው ይረፉ” ካለም መኪናውን ያቁሙና ለ20 ደቂቃ ጋደም ይበሉ።