ሕጉ ፖሊሱንም ያስራል

አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ካሊፎርኒያ የምትኖር እህት ነበረች። «እትዬ፣ ባለቤቴን ጠጥተህ ነድተሃል ብለው ያዙት። ምን ያደርጉት ይሆን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በኋላ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

በአሜሪካ ፖሊስ ደስ ስላለው ብቻ መኪና አያስቆምም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 እንደወሰነው የሚያጠራጥር ምልክት ያስፈልገዋል፤ ለምሳሌ መስመር መሳት ወይም ቀይ መብራት መጣስ። በ1990 ግን በተወሰነ ሥርዓት አሽከርካሪዎችን የሚያስቆም የፍተሻ ጣቢያ ተፈቅዷል። አንዳንድ ስቴቶች ይህንንም አይፈቅዱም።

መንገድ ዳር «ጠጥተሃል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አሽከርካሪው መንጃ ፈቃዱን ይስጥ እንጂ ለዚህ ጥያቄ የመመለስ ግዴታ የለበትም። ዝምታ መብት ነው፤ ውሸት ግን መብት አይደለም። ከታሰረ በኋላ ደግሞ ፖሊሱ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብቱን ሊነግረው ይገባል።

በ2016 በተሰጠው ውሳኔ መሠረት በሕግ የተያዘን ሰው ትንፋሽ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መመርመር ይቻላል። ደም ለመውሰድ ግን ፈቃዱ ወይም ማዘዣ ያስፈልጋል፤ አስቸኳይ ሁኔታ ሲኖር ካልሆነ በቀር። ይሁን እንጂ ከታሰሩ በኋላ ምርመራን እምቢ ማለት መንጃ ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል።

ፖሊሱ ሥርዓቱን ቢጥስስ? መንገድ ላይ አትከራከሩ። ጠበቃው ለዳኛው ያቀርበዋል፤ ያለ አግባብ የተገኘ ማስረጃም ውድቅ ሊሆን ይችላል። ጳውሎስም ሊገረፍ ሲል መቶ አለቃውን ሕጉን በጥያቄ አስታወሰው እንጂ አልታገለውም (ሐዋ. 22)።

የደወለችልኝ እህትና ባለቤቷ ግን «ቤተ ክርስቲያን እንዳይሰማ» ብለው ጉዳዩን ደበቁት። በካሊፎርኒያ የመንጃ ፈቃድ እገዳን ለመቃወም ቀጠሮ የሚጠየቀው በ10 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ አለፈ። የጎዳቸው ፖሊሱ ሳይሆን እፍረቱ ነበር።

ባልና ሚስት ሆይ፣ መብታችሁን እወቁ፤ ችግር ሲደርስም ቶሎ ጠበቃ አማክሩ። ነገር ግን አንድ ነገር አትርሱ። ሕጉ ባልሽን ከፖሊስ በደል ይጠብቀው ይሆናል፤ መንገድ የሚያቋርጠውን ሕፃን ግን ከባልሽ መኪና አይጠብቅም። መጠጡ በቤታችሁ የተደበቀ ከሆነ፣ ፖሊስ ሳይጠይቃችሁ ዛሬ ማታ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። ቁልፉንም ያልጠጣው ይያዝ።