ስጦታም መርዝም የሆነው «ጊፍት»

እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ጀርመን አገር ሱቅ ገብቶ «ራተንጊፍት» የሚል ፓኬት ቢያይ፣ ለአይጥ የተዘጋጀ ስጦታ ሊመስለው ይችላል። የአይጥ መርዝ ነው። እንግሊዞች ስጦታ የሚሉበትን «ጊፍት» ጀርመኖች መርዝ ይሉበታል፤ ፊደሉም ንባቡም አንድ ነው። መልካቸው ተመሳስሎ ፍቺያቸው የሚለያይ እንዲህ ያሉ ቃላት «ሐሰተኛ ወዳጆች» ይባላሉ። ስያሜውን ያስለመዱት በ1928 እ.ኤ.አ. በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ ያሳተሙት ማክሲም ኬስለርና ዡል ደሮኪኒ ናቸው።

አንዳንድ ሐሰተኛ ወዳጆች የተመሳሰሉት በአጋጣሚ ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የእንግሊዝኛ፣ የጀርመንኛ፣ የደችና የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች የጋራ ምንጭ በሆነው ጥንታዊ ቋንቋ ውስጥ ቃሉ «መስጠት» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ነበር።

ታዲያ ስጦታው መቼ ተመረዘ? ነገሩ የተጀመረው ከሐኪም ቤት ነው። ግሪኮች መስጠትን «ዶሲስ» ይሉ ነበር፤ ሐኪሞቻቸውም ለበሽተኛ የሚሰጠውን የመድኃኒት ልክ በዚሁ ቃል ጠሩት። ዛሬ ፋርማሲ ገብተን «ዶዙ ስንት ነው?» ስንል የምንጠቀመው የእሱን ዘር ነው። ቃሉ በላቲን በኩል ጀርመኖች ዘንድ ሲደርስ፣ እንዳለ ከመዋስ ይልቅ ፍቺውን ይዘው «ጊፍት» አሉት። ቀስ በቀስም የሚገድለው ልክ ስሙን ለብቻው ወሰደው። መርዝን በስሙ ከመጥራት «የተሰጠው ነገር» ማለት ለአፍ ይቀላል። እኛስ «መድኃኒት አበሉት» ስንል መች ስለ ፈውስ እናወራለን? ፈረንሳዮች መርዝ የሚሉበት «ፕዋዞን»ም የተገኘው መጠጥ ከሚለው የላቲን ቃል ነው።

የቀድሞው ፍቺ ከጀርመንኛ ፈጽሞ አልጠፋም። ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ይዛ የምትወጣው ሀብት እስከ ዛሬ «ሚትጊፍት» ይባላል። ደቾች በበኩላቸው ስጦታውን «ጊፍት» ብለው መርዙን «ጊፍ» በማለት ተገላግለዋል፤ ብልህ መፍትሔ ነው።

ጉዱ ያለው ስዊድን ነው። እዚያ ቃሉ መርዝም ያገባ ሰውም ማለት ነው፤ ቀልዱን ባለትዳሮች ራሳቸው ጨርሰውታል። የጋብቻው ፍቺ የመጣው ሴት ልጅ ለባል «ትሰጥ» ከነበረበት ዘመን ነው። የጥንት እንግሊዞችም ቃሉን ለሠርግ ጉዳይ ያውሉት ነበር፤ ወንዱ ለሚያገባት ሴት የሚከፍለውን፣ ጥሎሽ የምንለውን ዓይነት፣ በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር። ንባባቸው ግን «ዪፍት» ነበር። በ«ጊ» የሚጀምረውን ንባብ ያመጡላቸው እንግሊዝ ምድር የሰፈሩት ቫይኪንጎች ናቸው። በኋላ ደግሞ ስዊድኖች ድምፁን አለሰለሱትና፣ እንግሊዞች የተዉትን «ዪፍት» ዛሬ የሚሉት እነሱ ሆነዋል።