ደጅ የወጣ ሕፃን ምን ይፈልጋል?

ዕድሜው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሆነ፣ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ደጅ ሲወጣ በአንድ ነገር ላይ አይቆይም የሚለው የወላጆች ቅሬታ በከፊል እውነት ቢሆንም፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚታሰበው የመጫወቻ እጥረት ወይም የሕፃኑ ቅብጥብጥነት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ትኩረት የሚጸናው ሕፃኑ ራሱ በመረጠው ነገር ላይ ሲሆን፣ የሚበታተነውም በአዋቂው ጥድፊያ፣ በመጫወቻ ብዛትና ማለቂያ በሌለው «ተው፣ ና፣ አትንካ» ነው። ስለዚህ ሕፃንን በደጅ ጨዋታ ላይ ማቆየት እርሱን ከማዝናናት ይልቅ ለያዘው ሥራ ቦታና ጊዜ መስጠትን ይጠይቃል።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት መራመድን ብቻ ማየት ይበቃል። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናትን እንቅስቃሴ የሚያጠኑት ካረን አዶልፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ12 እስከ 19 ወር የሆናቸው ሕፃናት እንደ ልባቸው ሲጫወቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 2,368 እርምጃ እንደሚራመዱና 17 ጊዜ እንደሚወድቁ ቆጥረዋል። ይህ የተቆጠረው በመጫወቻ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ደጅ ደግሞ ሣሩ፣ ጠጠሩ፣ ዳገቱና ደረጃው እያንዳንዳቸው የተለየ ሚዛን አጠባበቅ ስለሚጠይቁ ልምምዱ ይበልጥ ይከብዳል። አንዱን ደረጃ ደጋግሞ የሚወጣና የሚወርድ ሕፃን በአዋቂ ዓይን ምንም የያዘው ነገር የሌለ ቢመስልም፣ በእርግጥ ብርቱ ትምህርት ላይ ስላለ «በቃ፣ አሁን ወደዚያ እንሂድ» ብሎ ማቋረጥ ትኩረቱን በገዛ እጅ መበተን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ የ1 እና የ2 ዓመት ሕፃናት በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል፤ በጋሪ ተቀምጠውም ሆነ በአዋቂ ጀርባ ታዝለው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆዩም ያሳስባል። ማዘል ሕፃኑን ከእናቱ ጋር የሚያቀራርብ መልካም ልማድ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ሆኖም ከገበያ የምትመለስ እናት መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ ልጇን አውርዳ ጥቂት ድክ ድክ ብታስብለው ከዕለቱ እንቅስቃሴ የተወሰነው በዚያው ይሟላል።

የመጫወቻ ብዛትን በተመለከተ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት የሚነግረው ብዙ ነው። ከ18 እስከ 30 ወር የሆናቸው 36 ሕፃናት አንድ ጊዜ 4፣ ሌላ ጊዜ 16 መጫወቻ ቀርቦላቸው እንዲጫወቱ ሲደረግ፣ መጫወቻው ባነሰበት ጊዜ በእያንዳንዱ ላይ ረዘም አድርገው ቆይተዋል፤ አንዱን ዕቃም በበርካታ መንገድ ተጠቅመውበታል። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ እንግሊዛዊው የኪነ ጥበብ ሰው ሳይመን ኒኮልሰን «ልቅ ቁሶች» የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ልቅ ቁሶች የሚባሉት አገልግሎታቸው አስቀድሞ ያልተወሰነ፣ ሊንቀሳቀሱ፣ ሊደረደሩ፣ ሊቀላቀሉና ሊፈርሱ የሚችሉ ነገሮች ሲሆኑ፣ የኒኮልሰን መከራከሪያ ሰው የመፍጠርና የመመራመር ዕድሉ የሚሰፋው በአካባቢው እንዲህ ያሉ ነገሮች በበዙ መጠን ነው የሚል ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች አይጋጩም፤ አንድ ጣሳ አሥር ዓይነት ጨዋታ ስለሚወጣው ቁጥሩ ጥቂት ሆኖ ጨዋታው ብዙ ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ቁስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አፈር ፈጭቶ ውሃ ተራጭቶ ማደግ የቆየ የልጅነት ወግ ነውና። አንድ የፕላስቲክ ጆግ፣ ሁለት ጠርዛቸው የማይቆርጥ ጣሳዎችና ከባልዲ የተቀዳ ጥቂት ውሃ የተሰጠው የሁለት ዓመት ሕፃን ሳይሰለች ይቀዳል፣ ያፈሳል፣ መልሶ ይሞላል፤ በዚህም የትኛው ዕቃ ብዙ እንደሚይዝ፣ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ፣ የእጁን ኃይል መቼ መቀነስ እንዳለበት ይረዳል። የቀለም ብሩሽ በውሃ ነክሮ የግቢውን ግድግዳ «መቀባት» ያስደስተዋል፤ በተለይም የቀባው በፀሐይ ደርቆ ሲጠፋበት እንደገና ይጀምራል። ጥቂት ውሃ የያዘች ትንሽ ጀሪካን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው መሸከም፣ ባዶ ካርቶን መግፋት፣ የረገፈ ቅጠል በሰፌድ መሰብሰብ፣ ኳስ በዳገት ለቅቆ ሲንከባለል ማየት፣ የጉንዳን ሰልፍ መከተል ሁሉም በቂ ጨዋታዎች ናቸው። በዚህ ዕድሜ የሚመሰገነው ጨዋታ ውጤቱ የሚያምረው ሳይሆን ሕፃኑ ባደረገው ልክ ወዲያው መልስ የሚሰጠው ስለሆነ፣ ባትሪ ገብቶለት ብቻውን ከሚዘፍን ውድ መጫወቻ ይልቅ እርጥብ አፈር የበለጠ ሕፃኑን ይይዛል።

ከቁሱ ቀጥሎ የሚመጣው የአዋቂው ድርሻ ሲሆን፣ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ሊቃውንት «የጋራ ትኩረት» የሚሉት፣ አዋቂና ሕፃን በአንድ ጊዜ አንድን ነገር እያዩ ሁለቱም ያንኑ እንደሚያዩ የሚያውቁበት ሁኔታ፣ ለቋንቋ ዕድገት መሠረት ነው። ተመራማሪዎቹ ማይክል ቶማሴሎና ማይክል ጄፍሪ ፋራር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ አዋቂው ሕፃኑ ቀድሞ እያየው ያለውን ነገር ሲጠራለት ሕፃኑ ቃሉን በተሻለ እንደሚማር፣ ከዚያ አላቆ ወደ ሌላ ነገር ሲመልሰው ግን እምብዛም እንደማይማር አሳይተዋል። እንግዲህ እናትም ሆነች አያት፣ ሞግዚትም ሆነች ታላቅ እህት፣ ሕፃኑ ድንጋይ ካየ ስለ ድንጋዩ፣ ወፍ ካየ ስለ ወፏ በአጭሩ ትናገር፤ ከዚያም ዝም ብላ ትጠብቅ። ጨዋታው የቀዘቀዘ ሲመስል ሁሉንም ከመለወጥ ይልቅ አንድ ነገር ብቻ መጨመር፣ ለምሳሌ ደረቁ አፈር ላይ ጥቂት ውሃ ማፍሰስ ወይም በጣሳው ላይ ማንኪያ መጨመር ይበቃል። ስልኳ ላይ ያቀረቀረች ጠባቂ ግን ሕፃኑ ቀና ብሎ «አየሽው?» በሚል ዓይን ሲፈልጋት ስለማያገኛት፣ ጨዋታውን ትቶ እርሷን መጎተት ይጀምራል። እንቅልፍ የጎደለው ወይም የራበው ሕፃንም ምንም ቢቀርብለት ስለማይረጋጋ፣ ተኝቶ ከተነሣና ከበላ በኋላ ማውጣት ይሻላል።

ከሌሎች ልጆች ጋር መጫወትን በሚመለከት፣ የሕፃናትን ጨዋታ ያጠኑት ሚልድረድ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1932 እንደገለጹት በዚህ ዕድሜ የሚያመዝነው «ጎንዮሽ ጨዋታ» ነው፤ ይኸውም ሕፃናት ጎን ለጎን ተመሳሳይ ነገር እያደረጉ እርስ በርስ ሳይተባበሩ የሚጫወቱት ነው። ስለሆነም ሁለት ሕፃናት አንድ ጣሳ እንዲካፈሉ ማስገደድ ለቅሶ ከማትረፍ ውጭ ጥቅም የለውም፤ ሁለት ጣሳ ማቅረብ ይሻላል። እቃ እቃ ጨዋታ የማስመሰል ችሎታ ማደግን ስለሚጠይቅ ወደ ሁለተኛው ዓመት ገደማ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ ድብብቆሽ ግን በነጠላ ጀርባ ፊትን ሸፍኖ በመግለጥ ቀደም ብሎም ሊጀመር ይችላል።

አደጋን መከላከል ሕፃኑን በክልከላ ማሰር ማለት አይደለም። ሕፃን ከመግባቱ በፊት ግቢው ከተፈተሸ አዋቂው በኋላ «አትንካ» የሚልበት አጋጣሚ ይቀንሳል። ድክ ድክ የሚል ሕፃን በጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ስለሚችል ባልዲና በርሜል መደፋት ወይም መከደን፣ በጨዋታው ውሃ አጠገብም አዋቂ ሳይለይ መቀመጥ አለበት። በየአጥሩ የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ መርዛማ ነው፤ ቆርኪ፣ ሳንቲም፣ ሽምብራና ባቄላም ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀሩ ይችላሉ። በአፈር የተጫወተ እጅ ምግብ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የቀትሩ ፀሐይ ይበረታል፤ በመሆኑም ባርኔጣና የጠዋት ወይም የአመሻሽ ሰዓት ይመረጣል። ብርድን ፈርቶ ሕፃኑን ቀኑን ሙሉ ቤት ማዋል ግን አይደገፍም፤ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፣ ቫይረሱም በተጨናነቀና አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ በቀላሉ ይዛመታል። ለአጥንት ጥንካሬ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ ሰውነት የሚያመርተውም ቆዳ በቀጥታ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ነው።

ይህ ሁሉ ቦታ ከሌለ ከንቱ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ብዙ ቤተሰቦች ከግቢ ወደ ፎቅ ሲዛወሩ፣ በሕንፃዎቹ መካከል የተተወው ባዶ ቦታ በበርካታ ሰፈሮች በመኪና ማቆሚያነት ተይዟል። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ሕፃኗን አቅፋ ደረጃውን ከወረደች በኋላ የሚጠብቃት ወደ ኋላ የሚነዳ መኪና ከሆነ፣ ተመልሳ ቴሌቪዥን ብትከፍትለት ልትወቀስ አይገባም። የጋራ ሕንፃዎቹ የነዋሪዎች ኮሚቴዎች ለመኪና ከተመደበው መሬት ጥቂት ሜትር በድንጋይ ወይም በአጥር ለይተው፣ አፈሩ ሳይነጠፍበት፣ አንድ ዛፍና አንድ መቀመጫ ጨምረው ለእነዚህ ሕፃናት ይተዉላቸው፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይም ሊወሰን ይችላል።