ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ የኢሜይል ሰርቨር እንዴት ይሠራል?

ፍኖተ ሰላም፦ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚሠራ አንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ በበቆሎ ማሳ ውስጥ የአሜሪካ መጤ ተምች አየ እንበል። በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ የቀበሌውን ስምና የተጠቃውን ማሳ ስፋት ይመዘግባል፤ ወደ ወረዳው ከተማ ሲገባም በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ለዞንና ለክልል የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች በኢሜይል ይልካል። በዚያች ሰዓት ግን ኢንተርኔት የለም።

ተምቹ እ.ኤ.አ. በ2017 በሀገራችን ከታየ ወዲህ አርሶ አደሩ ጠባዩን ያውቀዋል። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ በእጅ ለቅሞም ሆነ በኬሚካል መግታት ይቻላል፤ አድጎ ወደ በቆሎው እምብርት ከዘለቀ በኋላ ግን ርጭቱ በቀላሉ አይደርስበትም። በትልነት የሚቆየው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ በመሆኑ፣ መልእክቱ አምስት ቀን ቢዘገይ ለመከላከል የሚመቸው ጊዜ በአብዛኛው ያልፋል። ታዲያ መስመር ሲጠፋ ኢሜይሉ የት ይቆያል?

ኢሜይል ከስልክ ጥሪ የተለየ ነው። በስልክ ለመነጋገር ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ መስመር ላይ መገኘት አለባቸው። ኢሜይል ግን ከመነሻው የተነደፈው እየቆመ እንዲሄድ ነው። መልእክቱን የተቀበለ ሰርቨር በዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ “ተቀብያለሁ” ብሎ ለላኪው ያረጋግጣል፤ ከዚያም ለሚቀጥለው ሰርቨር ለማስረከብ ይሞክራል። ካልተሳካለት በወረፋ አቆይቶ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል። ይህ አሠራር ኤስኤምቲፒ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የመልእክት ማስተላለፊያ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው።

በኢትዮጵያም ኢሜይል ሥራ የጀመረው ቋሚ መስመር ሳይኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት ፊዶኔት በተሰኘ ዘዴ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ተጠቃሚው በሞደም ደውሎ መልእክቱን ያስቀምጣል፤ የኮሚሽኑ ኮምፒውተር ደግሞ የተጠራቀመውን ይዞ ለንደን ከሚገኘው ግሪንኔት ጋር በስልክ ይገናኛል፤ የሄደውን ሰጥቶ የመጣውን ተቀብሎ ስልኩን ይዘጋል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ነው። ዛሬ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ለሚገኝ ጽሕፈት ቤት የሚስማማው አሠራር፣ እንደ ዘጋቢው እምነት፣ ከዚያ የድሮ ልማድ ብዙም የራቀ አይደለም።

ቡሬ ላይ መጋዘን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ዋና ቢሮ ያለውን አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በምሳሌነት እንውሰድ። በዋናው ቢሮ አንድ መጠነኛ ኮምፒውተር ለኢሜይል ብቻ ይመደባል። አሮጌ ዴስክቶፕም ቢሆን ይበቃል። ሊኑክስ ይጫንበታል፤ መልእክት ለማስተላለፍ ፖስትፊክስ፣ ሠራተኞች የመጣላቸውን እንዲያነቡ ደግሞ ዶቭኮት የተባሉት ፕሮግራሞች ይጨመራሉ። ሁሉም በነጻ የሚገኙ ናቸው። የቢሮው ሠራተኞች ከዚህ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኙት በግቢው ዋይፋይ ወይም ገመድ በመሆኑ፣ ከሂሳብ ክፍል ወደ ግብዓት ክፍል የሚላከው ደብዳቤ ኢንተርኔት ጨርሶ ባይኖርም ይደርሳል። ብዙዎች ይህን ጥቅም ልብ አይሉትም።

ወደ ውጭ የሚሄደውን በተመለከተ፣ ሰርቨሩ መልእክቶችን በቀጥታ ለዓለም እንዲያደርስ ማድረግ አያዋጣም። በሞባይል ዳታ ወይም በተራ የቢሮ መስመር የሚገኘው አይፒ አድራሻ በአብዛኛው ተለዋዋጭ ነው፤ ትላልቆቹ የኢሜይል ድርጅቶችም ከእንዲህ ያለ አድራሻ የሚመጣን መልእክት እንደ አይፈለጌ ቆጥረው ይመልሱታል። ስለዚህ ቋሚ መስመር ካለው የአገልግሎት ሰጪ ሰርቨር ጋር ውል ይገባና፣ የቢሮው ሰርቨር የተጠራቀመውን ሁሉ በይለፍ ቃል፣ 587 በተባለው ፖርት በኩል፣ ለዚያ አቀባይ ብቻ እንዲያስረክብ ይደረጋል።

ወደ ውስጥ የሚመጣውም እንዲሁ ነው። የዩኒየኑ የኢሜይል ስም በዲኤንኤስ ሲመዘገብ ወደ ፍኖተ ሰላሙ ኮምፒውተር ሳይሆን ወደ አቀባዩ ሰርቨር መጠቆም አለበት። መልእክቱ እዚያ ይጠብቃል፤ መስመር ሲመጣ የቢሮው ኮምፒውተር ፌችሜይል በተባለው ፕሮግራም ሄዶ ያመጣዋል።

እስከዚህ ያለውን አንድ ባለሙያ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራሞቹ ከፋብሪካ የሚወጡት ቋሚ መስመር እንዳለ ታስቦ ነው። ፖስትፊክስ አንድን መልእክት በወረፋ የሚያቆየው አምስት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ “ማድረስ አልተቻለም” ብሎ ለላኪው ይመልሰዋል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው አምስት ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነ ግልጽ ነው። ቁጥሩን ወደ ሃያ ወይም ሠላሳ ቀን ማሳደግ ይቻላል። ሆኖም ይህ ብቻውን ሌላ አደጋ ይወልዳል፤ ላኪው ደርሷል ብሎ ሲያስብ መልእክቱ ወር ሙሉ ከቢሮው ሳይወጣ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ በአራት ሰዓት ውስጥ ካልሄደ ለላኪው ማስጠንቀቂያ እንዲጽፍ አብሮ ማዘዝ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያው የደረሰው ሰው አስቸኳይ ጉዳይ ከሆነ ስልክ ይደውላል፤ ወይም የሞተር መልእክተኛ ይልካል።

ከሁሉ የከፋው ጣጣ የፎቶ ነገር ነው። አምስት ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶ ከኢሜይል ጋር ሲያያዝ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። መስመሩ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ያን ፎቶ ለመላክ 14 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። መስመሩ በአሥረኛው ደቂቃ ቢቋረጥ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከሀ ይጀምራል። መስመር በመጣ ቁጥር ለአሥር ደቂቃ ብቻ በሚቆይበት ቢሮ ይህ ፎቶ ዘወትር ይሞከራል፤ አንድም ቀን አይደርስም። ከዚያም አልፎ ሌሎቹ ትናንሽ መልእክቶች የሚያልፉበትን መስመር ይሻማል። መድኃኒቱ የአንዱን መልእክት ከፍተኛ መጠን መወሰንና ፎቶውን ከመላክ በፊት ማሳነስ ነው። የተምች ትል ለመለየት ከ200 እስከ 300 ኪሎባይት የሆነ ፎቶ ይበቃል። ፖስትፊክስ ወደ አንድ ቦታ በአንድ ጊዜ እስከ ሃያ መልእክት ለመላክ የሚሞክር በመሆኑ፣ በቀጭን መስመር ላይ ይህን ወደ አንድ ወይም ሁለት ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

መስመር ተመልሶም ኢሜይል የማይሄድበት ጊዜ አለ። በግቢው ያሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ ቴሌግራማቸውንና የፕሮግራም ማሻሻያቸውን በአንድ ጊዜ ማውረድ ሲጀምሩ ሰርቨሩ ተራ አያገኝም። ሰው በማይበዛበት ሌሊት መላክ ወይም በራውተሩ ላይ ለሰርቨሩ ቅድሚያ መስጠት ይረዳል።

ምክንያቱ ካልታወቀ ከመነካካት በፊት ወረፋውንና የሥራ መዝገቡን መመልከት ይቀድማል። ከእያንዳንዱ መልእክት ጎን የሚጻፈው የመልስ ቁጥር በ4 ከጀመረ እክሉ ጊዜያዊ ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ መልሶ ይሞክራል። በ5 ከጀመረ ግን ተቀባዩ ፈጽሞ አልቀበልም ብሏል ማለት ነው፤ የተሳሳተ አድራሻ፣ የተበላሸ የይለፍ ቃል ወይም ከልክ ያለፈ መጠን መሆኑን መፈተሽ ይገባል። በወረፋ ያለው በዲስክ ላይ የተጻፈ በመሆኑ መብራት ቢጠፋም በአብዛኛው ይተርፋል። ያም ሆኖ ለኮምፒውተሩና ለራውተሩ ዩፒኤስ ቢኖር መልካም ነው፤ ራውተሩ ከተረሳ የሰርቨሩ መብራት ብቻውን ምንም አይጠቅምም።

ቁጥሩም አድራሻውም ትክክል ሆኖ አቀባዩ ሰርቨር ግንኙነቱን የሚያቋርጥ ከሆነ የኮምፒውተሩን ቀን ማየት ነው። በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዳንዴም ቅን ሠራተኛ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስተካክለዋል። በሁለቱም መንገድ ኮምፒውተሩ የአቀባዩ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ገና ያልጸና ይመስለዋል፤ መልእክቱንም አያስረክብም። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆን አለበት፤ ሰዓቱም እንዲሁ። በሥራ መዝገቡ 08:00 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።