ከአንድ ማጀት ሰባት ኩንታል

አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ በቀን የሚጥለው ቆሻሻ በአማካይ 0.4 ኪሎ ገደማ ነው። የዓለም አማካይ 0.74 ኪሎ ስለሆነ የኛ ትንሽ ይመስላል። አምስት ሰው የሚኖርበትን ቤት ግን እናስላ፦ በቀን 2 ኪሎ፣ በዓመት 730 ኪሎ። ከ7 ኩንታል በላይ! ብዙ ቤተሰብ በዓመት ይህን ያህል ጤፍ አይሸምትም። ከተማዋ 4 ሚሊዮን ሕዝብ ብቻ አላት ብንል እንኳ ሒሳቡ በቀን 16,000 ኩንታል ይደርሳል። ነገም ሌላ 16,000።

ይህ ሁሉ የሚጣለው ተዳፋት ላይ በተሠራች ከተማ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የአቃቂ ወንዝ የሚገባበት የአባ ሳሙኤል ግድብ ከዚያ ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ይላል። ሽሮ ሜዳ ቦይ ውስጥ የተጣለ ፌስታል የሐምሌ ጎርፍ ሲያገኘው ማንም ሳይሸከመው ቁልቁል ይወርዳል። የታችኛው ሰፈር ሰው ይቀበለዋል፤ ከዚያም በአቃቂ ውኃ ጎመን የሚያለማው ገበሬ።

የተሰበሰበው ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር የኖረው ቆሼ በተባለው የቆሻሻ መጣያ ነው። 36 ሄክታር ገደማ በሆነ መሬት ላይ የሰው እጅ ሌላ ተራራ ሠራ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ተራራው ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሞቱ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይህኛውን ማለፍ ይከብደኛል፤ እኛ ጥለን የረሳነው እነሱ ላይ ተደረመሰ።

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያወጣው የረጲ ማመንጫ በቀን 14,000 ኩንታል እንዲያቃጥል ታስቦ ተሠራ። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ከቆሻሻችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርጥብና የሚበሰብስ ነገር ነው፦ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። እሳቱ ኃይል ከመስጠቱ በፊት ያንን ሁሉ ውኃ ማትነን አለበት። ውኃውን ረጲ ድረስ ያደረሰችው መኪናም ነዳጇን ጨርሳለች።

እባክዎ ማጀትዎ ውስጥ ሁለት ዕቃ ያስቀምጡ፤ እርጥቡን ከደረቁ ይለዩ። ጓሮ ካለዎት እርጥቡን ጉድጓድ ቆፍረው አፈር እያለበሱ ያበስብሱት። ከ7ቱ ኩንታል ሦስት ተኩሉ ከግቢዎ ሳይወጣ አፈር ይሆናል።